ፓወር ሜተሩ የብርሃኑን ቀለም አያውቅም

ፋይበሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያመላልሰውን የመስታወት ክር፣ የብርሃን መጠን በሚያነበው ፓወር ሜተር ላይ ሰክታችሁ ስክሪኑ -18.4 ዲቢኤም (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ቢላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? አብዛኛው ሰው ፎቶ አንስቶ ይልክና ይሄዳል። ፎቶው የደረሰው ሰው ግን ከዚያ ቁጥር ብቻ ተነስቶ መስመሩ ጤነኛ ነው ወይም አይደለም ማለት አይችልም። በየትኛው የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም በየትኛው የብርሃን ቀለም ነው የመጣው? ሜተሩ በየትኛው ላይ ተስተካክሎ ነበር? ከኬብሉ ማዶ ምን አለ? መሀል ላይ ብርሃኑን የሚከፋፍል ስፕሊተር አለ? ይሄ ካልታወቀ -18.4 እንዲሁ ቁጥር ነው።

መሣሪያውን ለማጣጣል አይደለም። ፋይበር ለሚሠራ ሰው አንድ መሣሪያ ብቻ ያዝ ቢባል እኔ ፓወር ሜተር ነው የምይዘው። ቀላል ነው፣ ኪስ ይገባል፣ ባትሪው ቶሎ አያልቅም። ጣጣው ከመጠን በላይ ቀላል መምሰሉ ነው። መሰካት፣ ማንበብ፣ አለቀ። ውስጡ ያለችው ሴንሰር ምን እንደምታይና ምን እንደማታይ ካላወቃችሁ ግን ምንም ያልተበላሸ መሣሪያ በጠራራ ፀሐይ ይሸውዳችኋል።

እንግዲህ ከሴንሰሯ እንጀምር።

የአብዛኛው ፓወር ሜተር ሴንሰር ፎቶዳዮድ ነው። ትንሽዬ የሴሚኮንዳክተር ቁራጭ። የብርሃን ቅንጣቶች፣ ማለትም ፎቶኖች፣ ሲያርፉባት ኤሌክትሮኖች ይላቀቃሉ፤ እነሱ ከረንት ይሆናሉ፤ ሜተሩ የሚለካው ያንን ከረንት ነው። ልብ በሉ፣ በቀጥታ የሚለካው ከረንት እንጂ የብርሃን ጉልበት አይደለም። ከረንቱን ወደ ሚሊዋት የሚቀይረው ሜተሩ ውስጥ የተቀመጠ ሰንጠረዥ ነው፤ ከሰንጠረዡ የትኛውን መስመር እንደሚያነብ የምትነግሩት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ለምን ቢባል፣ ፎቶዳዮድ ዓይኑን ጨፍኖ ሳንቲም እንደሚቆጥር ሰው ናት። ስንት ሳንቲም እንዳለፈ ትነግራችኋለች፤ እያንዳንዱ የስንት እንደሆነ ግን አታውቅም። የ850 ናኖሜትር አንድ ፎቶን 1.46 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ይዟል። የ1550ው 0.8 ብቻ ነው። ሴንሰሯ ላይ ሲያርፉ ግን ሁለቱም ቢበዛ አንድ አንድ ኤሌክትሮን ነው የሚያስነሱት። ስለዚህ እኩል ሚሊዋት ብርሃን ቢመጣም የሚፈጠረው ከረንት እኩል አይደለም። በሒሳብ ደረጃ አንድም ፎቶን ሳይባክን 1 ዋት የ1550 ብርሃን 1.25 አምፔር ይሰጣል፣ የ1310 ደግሞ 1.06 ገደማ። በተግባር ከዚህ ያንሳል፣ ምክንያቱም የተወሰነው ብርሃን ከገጿ ላይ ተንጸባርቆ ይመለሳል፣ የተወሰነውም ሌላ ቦታ ይባክናል።

ሴንሰሯ ከምን ተሠራች የሚለውም ትልቅ ነገር ነው። ሲሊኮን ከሆነች እስከ 1100 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ነው የምታየው። ከዚያ በላይ ያለው ፎቶን ከሲሊኮን ኤሌክትሮን ለማላቀቅ ጉልበቱ አይበቃም፣ በቃ አታየውም። ለ850 ጥሩ ናት፣ ለቀይ ሌዘርም ጥሩ ናት፣ ለ1310 እና ለ1550 ግን ዕውር ናት። ጀርማኒየም ከ800 እስከ 1800 አካባቢ ታያለች። ችግሯ 1550 አካባቢ የምታየው ነገር በሙቀትና በቅዝቃዜ ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው፤ ብርድ ላይ የለካችሁትና ሙቀት ላይ የለካችሁት ላይገጥም ይችላል። ሦስተኛዋ ኢንዲየም ጋሊየም አርሴናይድ፣ በአጭሩ ኢንጋአስ የሚሏት ናት። ከ900 ገደማ እስከ 1700 ድረስ በደንብ ታያለች፣ ከጀርማኒየም ይልቅ የራሷ የውስጥ ረብሻ ያነሰ ነው፣ ለደካማ ብርሃን ትሻላለች። መሀሉ በጣም ቀጭን ለሆነው ለሲንግል ሞድ ፋይበር ሥራ መሣሪያ የምትመርጡ ከሆነ ኢንጋአስ መሆኑን አረጋግጡ። ሌላውን ጌጥ ሁሉ ተዉት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ፋይበሩ ብርሃን እንዳለው በስልክ ካሜራ እዩት የሚል ምክር አለ። የስልክ ካሜራ ሴንሰር ሲሊኮን ነው። 850 ከሆነ አንዳንድ ስልክ ላይ ደብዘዝ ያለ ነጥብ ሊታይ ይችላል። 1310፣ 1490፣ 1550 ግን ካሜራው አያየውም፤ እናንተም አታዩትም። ካሜራው ላይ ምንም የለም ማለት ፋይበሩ ውስጥ ምንም የለም ማለት አይደለም። በዚህ ተታልሎ ኬብሉን ዓይኑ ፊት አስጠግቶ የሚያይ ሰው አለ። ይሄ በፍጹም አይደረግም። የማይታይ ብርሃን ዓይን አያስጨፍንም፣ ስለዚህ ሳታውቁት ትጎዳላችሁ።

ወደ ቁልፉ እንመለስ። ሜተሩ ላይ ያለው የሞገድ ርዝመት መምረጫ፣ ብዙ ጊዜ የግሪኩ ላምዳ ፊደል ያለበት፣ ብርሃኑን አይነካውም። ሴንሰሯንም አይነካትም። የሰንጠረዡን መስመር ብቻ ነው የሚቀይረው። የ1550 ብርሃን እየመጣ ሜተሩ 1310 ላይ ከሆነ ኢንጋአስ ሴንሰር ላይ ግማሽ ዲቢ ገደማ ከፍ ያለ ንባብ ታገኛላችሁ። ግማሽ ዲቢ ምን አላት ትሉ ይሆናል። አንድ ደህና ኮኔክተር (ፋይበሩ ጫፍ ላይ ያለው መሰኪያ) የሚያጠፋው ከ0.3 እስከ 0.5 ዲቢ ነው። አንድ ሙሉ ኮኔክተር በቁልፍ ስህተት ተሰወረ ማለት ነው። 850 ላይ ረስታችሁት 1550 ብትለኩ ደግሞ ስህተቱ ብዙ ዲቢ ይሆናል፣ እሱን እንኳ ቶሎ ትነቁበታላችሁ። የሚያታልለው ትንሹ ነው።

ስለ ዲቢ ብዙ አልልም፣ ግን ጭንቅላት ውስጥ መቀመጥ ያለባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። 0 ዲቢኤም 1 ሚሊዋት ነው። -10 አንድ አሥረኛው። -20 ማለት 10 ማይክሮዋት። -30 ማለት 1 ማይክሮዋት። 3 ዲቢ በወረደ ቁጥር ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። ዲቢኤም መጠን ነው፣ ዲቢ ልዩነት ነው። ከአንድ ዲቢኤም ላይ ሌላ ዲቢኤም ስትቀንሱ የሚወጣው ዲቢ ነው። ሁለት ዲቢኤም ግን አይደመርም፤ -10 እና -10 ሲቀላቀሉ -7 ነው የሚሆኑት፣ -20 አይደለም። ነገሩ ምን ያህል እንደሚጠነክር ለማየት ደግሞ ይሄን አስቡ። ቻርልስ ካኦ እና ጆርጅ ሆክሃም በ1966 ባወጡት ጥናት የመስታወት ክር ለመገናኛ ይሆናል ሲሉ፣ ኪሳራውን በኪሎሜትር ወደ 20 ዲቢ ማውረድ ከተቻለ ነበር ያሉት። 20 ዲቢ ማለት ከአንድ ኪሎሜትር በኋላ 1 በመቶ ብቻ ይቀራል። ያኔ እሱም እንደ ሕልም ነበር፤ በ1970 የኮርኒንግ ተመራማሪዎች ከዚያ በታች አወረዱት። ዛሬ ተራው ሲንግል ሞድ 1550 ላይ በኪሎሜትር 0.2 ዲቢ ነው፤ ከአንድ ኪሎሜትር በኋላ 95 በመቶው አለ። ካኦ በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ። ይገባዋል።

እንግዲህ የሚጠበቀውን ቁጥር ከመለካታችሁ በፊት ወረቀት ላይ አስሉት። ከለካችሁ በኋላ ካሰላችሁ ስሌቱን ወደ ንባቡ መጎተት ይመጣል፣ ሰው ነን። ለምሳሌ ጂፖን ኔትወርክ ነው እንበል፤ ብዙ ቤት በአንድ ፋይበርና በስፕሊተር የሚካፈልበት ማለቴ ነው። ላኪው +3 ዲቢኤም ይልካል። ወደ ቤት የሚወርደው 1490 ነው። ፋይበሩ 8 ኪሎሜትር፣ በኪሎሜትር 0.25 ብንል 2 ዲቢ። አንዱን ለ32 የሚከፍል ስፕሊተር 17 ዲቢ ገደማ ይበላል። አራት ኮኔክተር በ0.3 ሲሰላ 1.2። ስድስት ስፕላይስ፣ ማለትም ክሩ የተቀጠለበት ቦታ፣ በ0.1 ሲሰላ 0.6። ድምሩ 20.8። ስለዚህ ቤቱ ጋ -17.8 አካባቢ መምጣት አለበት። -18.4 ካነበባችሁ ደስ ይበላችሁ። -24.4 ካነበባችሁ ግን የቤቱ መሣሪያ ምናልባት መሥራቱን አያቆምም፤ በተለመደው ቢ ፕላስ በሚባለው ክፍል እስከ -27 ድረስ ይቀበላል ተብሎ ነው የሚሠራው። ይሠራል ማለት ግን ደህና ነው ማለት አይደለም። ከሚጠበቀው ብርሃን ሩብ ገደማው ነው የደረሰው። ሦስት አራተኛ ያህሉ የሆነ ቦታ ፈሷል። ያ ቦታ ነገ ሲብስበት ስልክ የሚደወለው ለእናንተ ነው።

እዚሁ ጂፖን ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ሴንሰሯ ቀለም አታውቅም ብያለሁ። በአንድ ፋይበር ውስጥ ሁለትና ሦስት የሞገድ ርዝመት አብሮ ሲሄድስ? ሁሉንም ደምራ አንድ ቁጥር ትሰጣችኋለች። 1490 ላይ -20 የሚመጣ ኢንተርኔት አለ፣ በዚያው ክር 1550 ላይ -5 የሚመጣ የቴሌቪዥን ሲግናል አለ እንበል። ተራ ሜተር የሚያሳየው -4.9 ገደማ ነው። አሁን ኢንተርኔቱን ሙሉ በሙሉ አጥፉት። ንባቡ -5.0 ይሆናል። ልዩነቱ 0.14 ዲቢ ገደማ። ኢንተርኔቱ ሞቷል፣ ሜተሩ ግን ምንም አልተሰማውም። ሜተሩን ወደ 1490 ብትቀይሩት ይሻላል ብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ ቁልፉ ፊልተር አይደለም። ለዚህ ሥራ ለእያንዳንዱ የሞገድ ርዝመት የየራሱ ፊልተርና የየራሱ ሴንሰር ያለው የፖን ሜተር ነው የሚያስፈልገው (ፖን የእነ ጂፖን የወል ስም ነው)።

ከቤት ወደ ላይ የሚሄደውን 1310 ለመለካትም እሱ ነው የሚያዋጣው። የቤቱ መሣሪያ ዝም ብሎ አይልክም። ማዶ ያለው ላኪው ተራህ ነው ሲለው ብቻ፣ በቁርጥራጭ ጊዜ ነው የሚልከው። ፋይበሩን ነቅላችሁ ሜተር ላይ ብትሰኩት ትዕዛዝ የሚሰጠው ስለሌለ ጸጥ ይላል። የፖን ሜተር ግን መሀል ገብቶ ብርሃኑን አሳልፎ ከላዩ ትንሽ ቆንጥሮ ነው የሚለካው፣ ቁርጥራጩንም ሲመጣ ይይዘዋል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ፤ ሴንሰሯ ይቅር ባይ መሆኗ።

የሲንግል ሞድ ፋይበር ብርሃን የሚሄድበት መሀሉ፣ ኮሩ፣ 9 ማይክሮን ገደማ ነው። ሁለት ፋይበር ሲገናኝ እነዚህ ሁለት ዘጠኝ ዘጠኝ ማይክሮኖች ፊት ለፊት መግጠም አለባቸው። አንድ ሁለት ማይክሮን ከተዛነፉ ብርሃን ይባክናል። መካከላቸው አየር ከገባ ይባክናል። ሜተሩ ላይ ስትሰኩትስ? ሴንሰሯ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ስፋት አላት፣ ከፍ ያሉት ላይ 5 ሚሊሜትር ትደርሳለች። ፋይበሩ ጫፉ አይነካትም፣ ጥቂት ሚሊሜትር ርቆ ይቆማል። ብርሃኑ ከጫፉ ሲወጣ እየሰፋ ይሄዳል። 3 ሚሊሜትር ርቀት ላይ ከሲንግል ሞድ የወጣው ወደ 0.8 ሚሊሜትር ስፋት ይሆናል፤ 1 ሚሊሜትር ሴንሰር ላይ ይገባል፣ ለጥቂት። መሀሉ ወፍራም ከሆነው ከመልቲ ሞድ የወጣው ግን ሰፊ ነው፤ 50 ማይክሮኑ 1.2፣ አሮጌው 62.5 ማይክሮን ደግሞ 1.7 ሚሊሜትር አካባቢ ይሰፋል። 1 ሚሊሜትር ሴንሰር ላይ ጠርዙ ይፈሳል። መልቲ ሞድ የምትለኩ ከሆነ ትልቅ ሴንሰር ፈልጉ የሚባለው ለዚህ ነው። አረንጓዴው ኤፒሲ ኮኔክተር ደግሞ ጫፉ 8 ዲግሪ ተዘንብሎ ስለተሞረደ ብርሃኑ ራሱ 4 ዲግሪ ያህል ጠመም ብሎ ነው የሚወጣው። ትንሽ ሴንሰር ላይ እሱም ጫፍ ይነካል።

ሴንሰሯ በቂ ስፋት ካላት ግን ምን ማለት ነው? የወጣውን ሁሉ ትቀበላለች። ኮሩ ከመሀል ቢዛነፍ ግድ የላትም። ኮኔክተሩ ጫፍ ቆሻሻ ኖሮበት ከሌላ ፋይበር ጋር ሲገጥም አየር የሚያስገባ ቢሆንም ግድ የላትም፣ እሷ ጋ ሲመጣ እኮ መጀመሪያውኑ አየር ነው ያለው። እናም ሜተሩ ላይ ቆንጆ ንባብ የሰጠ ኮኔክተር፣ ከራውተሩ ጋር ሲገጥም 2 ዲቢ ሊያጠፋ ይችላል። ሜተሩ አልዋሸም። የጠየቃችሁትን መልሷል፤ ከዚህ ጫፍ ስንት ብርሃን ይወጣል ነው ያላችሁት። ሌላ ፋይበር ውስጥ ስንት ይገባል አላላችሁም።

ኮኔክተርን ለመፈተን ታዲያ ከሌላ ጥሩ ኮኔክተር ጋር ማጋጠም የግድ ነው። አሠራሩ የታወቀ ነው። የብርሃን ምንጩን ታበራላችሁ፣ ሌዘሩ እስኪረጋጋ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። ጥሩ፣ ንጹህ፣ የታወቀ ፓች ኮርድ (ሁለቱም ጫፉ ላይ ኮኔክተር ያለው አጭር ኬብል) ምንጩ ላይ ትሰካላችሁ፣ ሌላውን ጫፉን ሜተሩ ላይ። ያንን ንባብ ዜሮ ዲቢ ብላችሁ ታስቀምጡታላችሁ፤ ሪፈረንስ እሱ ነው። ከዚያ ፓች ኮርዱን ከሜተሩ ጋ ብቻ ትነቅላላችሁ። ከምንጩ በፍጹም አትነኩትም። ከነቀላችሁት ሌዘሩ ወደ ፋይበሩ የሚያስገባው መጠን ይቀየራል፣ መልሳችሁ ብትሰኩት ያው አይሆንም፣ እንደገና ከሀ መጀመር ነው። አሁን የሚፈተነውን መስመር ሁለት ኮኔክተር በሚያጋጥም አዳፕተር ከፓች ኮርዱ ጋር ታገናኛላችሁ፣ ማዶ ላይ ሁለተኛ ፓች ኮርድ ጨምራችሁ ወደ ሜተሩ። የሚወጣው ኪሳራ የመስመሩን ሁለት ጫፍ ኮኔክተሮች ጨምሮ ነው። ዜሮውን በሁለት ፓች ኮርድና በመሀላቸው ባለ አዳፕተር ወስዳችሁ ከሆነ ግን አንዱ ግጥሚያ ከሒሳቡ ወጥቷል ማለት ነው፣ መስመሩ ከሚገባው በላይ አምሮ ይታያል። ውል ላይ የተጻፈው ገደብ በአንዱ አሠራር፣ ልኬቱ በሌላው ሲሆን የሚነሳውን ጭቅጭቅ እኔ አልነግራችሁም፣ ፋይበር የሠራ ያውቀዋል።

አልፎ አልፎ ኪሳራው በተቃራኒ ምልክት ይመጣል። መስመሩ ብርሃን ጨመረ እያለ ነው ሜተሩ! ብርሃን የሚያመርት መስታወት የለም። ዜሮው ሲወሰድ ፓች ኮርዱ ቆሽሾ ነበር፣ ወይ በደንብ አልገባም ነበር፣ በኋላ ተስተካከለ። ያን ቀን የተለካውን ሁሉ እንደገና መለካት ነው እንግዲህ።

ቆሻሻ ካነሳን፣ በ400 እጥፍ ማይክሮስኮፕ አንድ ያልተጠረገ ኮኔክተር እዩ። 125 ማይክሮን ስፋት ያለው ግራጫ ክብ አለ፣ መሀሉ ላይ ትንሽዬዋ ኮር። ዙሪያውን ጥቁር ነጠብጣብ፣ አንዳንዱ ከኮሩ የሚበልጥ። ጣት የነካው ከሆነ የቅባት ደመና አለበት። አንዷ ነጥብ ኮሩ ላይ ካረፈች አለቀላችሁ። ስትሰኩት ደግሞ ቆሻሻው ተጨፍልቆ ወደ ማዶው ኮኔክተር ይጋባል፣ አሁን ሁለት ቆሻሻ ኮኔክተር አላችሁ። አዲስ ከላስቲክ የወጣ ፓች ኮርድም ይጠረጋል፤ የላስቲክ ክዳኑ ራሱ ያቆሽሸዋል። የሜተሩ አዳፕተርና የሴንሰሯ መስኮትም እንደዚያው፣ የሚገርመው እሱን የሚያስታውስ ሰው ማነሱ ነው።

ብርሃን ሲበዛስ? ይሄም ይመጣል። ለ80 ኪሎሜትር የተሠራ ሞጁል (ራውተር ወይም ስዊች ላይ የሚሰካ የብርሃን መላኪያና መቀበያ) ከ0 እስከ +4 ዲቢኤም አካባቢ ይልካል፤ ተቀባዩ ግን ከ-7 በላይ አይወድም። ሁለቱን በአጭር ፓች ኮርድ ጠረጴዛ ላይ ብታገናኙ ተቀባዩን ልታቃጥሉት ትችላላችሁ። መጀመሪያ ለኩ፣ ብርሃን የሚያዳክም አቴኑዌተር አስገቡ። የሜተሩ ሴንሰርም ጣሪያ አላት። ብርሃን ከሚያጎላ አምፕሊፋየር የወጣ +20 ዲቢኤም 100 ሚሊዋት ነው፤ ተራ ኢንጋአስ እዚያ ደረጃ ላይ ጠግባ መቁጠር ይሳናታል፣ ያነሰ ታነባለች። ለዚህ ፊቱ ላይ ማዳከሚያ ያለው ከፍተኛ ጉልበት የሚችል ሜተር አለ። ላቦራቶሪ ውስጥ ደግሞ ውስጧ ነጭ በነጭ የሆነች ባዶ ሉል ይጠቀማሉ፤ ብርሃኑ ይገባና ግድግዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ተንጸባርቆ እኩል ይበተናል፣ ሴንሰሯ ከጎን ጥቂቱን ብቻ ታያለች። ፋይበሩ ቢጠምም ቢቀና፣ ብርሃኑ ቢሰፋ ቢጠብ ለውጥ የለውም። ለብዙ ዋት ደግሞ ሙቀት የሚለካ ሴንሰር አለ። እሱ ቀለም አይመርጥም፣ የመጣውን ሁሉ ወደ ሙቀት ቀይሮ ነው የሚለካው። ቀርፋፋ ነው እንጂ ሐቀኛ ነው።

ሁለት ሜተር 0.1 ዲቢ ቢለያዩ አትጣሉ። የመስክ ሜተር ትክክለኛነት አብዛኛውን ጊዜ ሲደመር ሲቀነስ 5 በመቶ ነው፣ ማለትም 0.2 ዲቢ ያህል። ሁለቱም በየራሳቸው ልክ ሆነው ሊለያዩ ይችላሉ። የመለኪያው ሰንሰለት ሥሩ ያለው ብሔራዊ የሥነ ልክ ተቋማት ጋ ነው፣ ለምሳሌ የአሜሪካው ኒስት። እዚያ ወደ ፍጹም ዜሮ በተጠጋ ቅዝቃዜ ውስጥ የሌዘር ብርሃን ውስጡ ጥቁር የሆነ ትንሽ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ አስገብተው ዕቃውን ያሞቁታል፣ ከዚያ ብርሃኑን አጥፍተው ያንኑ ሙቀት በኤሌክትሪክ ያመጣሉ። ኤሌክትሪኩን በጣም በትክክል መለካት ስለሚቻል ብርሃኑም ታወቀ ማለት ነው። ከዚያ እየተቀዳ፣ በየደረጃው ትንሽ ስህተት እየጨመረ፣ እናንተ እጅ ይደርሳል። ለዚህ ነው በየዓመቱ ካሊብሬሽን የሚባለው። ያው አንዱ ሜተር ከራሱ ጋር ሲነጻጸር ግን በጣም የተሻለ ነው፣ የኪሳራ ልኬት ለዚህ ነው ከመጠን ልኬት ይልቅ የሚታመነው።

ራውተር ወይም ስዊች ውስጥ ገብታችሁ የምታዩት የሞጁሉ የራሱ ንባብስ? እሱ ለመከታተያ ጥሩ ነው። ትናንት -12 የነበረ ዛሬ -16 ካለ የሆነ ነገር ሆኗል። ነገር ግን ስታንዳርዱ የሚጠይቀው ትክክለኛነት ሲደመር ሲቀነስ 3 ዲቢ ብቻ ነው። 3 ዲቢ ማለት ከግማሽ እስከ እጥፍ። ብዙዎቹ ከዚህ በጣም ይሻላሉ፣ ቢሆንም በዚያ ቁጥር ከማንም ጋር አትከራከሩ።

በመጨረሻ፣ ቀለም የማታውቅ ሴንሰር ይዛችሁ ቀለም የሚያሳብቅ ነገር ማግኘት ይቻላል። በሁለት የሞገድ ርዝመት ለኩ። ምንጩን 1550 ላይ አድርጉና ቢጫውን ፓች ኮርድ እርሳስ ላይ አንድ ዙር ጠምጥሙት። ቁጥሩ ዓይናችሁ እያየ ይወርዳል፣ ስትለቁት ተመልሶ ይወጣል። 1310 ላይ ያንኑ አድርጉ፣ መውረዱ ያነሰ ነው። የረዘመው ሞገድ ከኮሩ ወጣ ብሎ ስለሚሄድ ሲታጠፍ ቶሎ ያመልጣል። እንግዲህ መስመር ስትለኩ በጤናው ጊዜ 1550 ከ1310 ያነሰ ኪሳራ ነው ያለው። ተገልብጦ 1550 የባሰ ኪሳራ ካሳየ የሆነ ቦታ ኬብል ታጥፏል፤ ሳጥን ክዳን ስር የተቆነጠጠ፣ ማሰሪያ ከመጠን በላይ ያነቀው፣ ማዕዘን ላይ በኃይል የታጠፈ። 1625 ያለው ምንጭ ካላችሁ ደግሞ ቀድሞ ይነግራችኋል። ሁለቱም እኩል ከወረዱ ግን መታጠፉን ተዉትና ኮኔክተር መጥረግ ጀምሩ። አዲሱ መታጠፍ የሚችል ፋይበር ከተገጠመ ይሄ ዘዴ ያን ያህል ስለማይናገር፣ መስመሩ የትኛው ፋይበር እንደሆነ ኬብሉ ላይ የታተመውን አንብቡና ከንባቡ ጎን ጻፉት፤ የሞገድ ርዝመቱንና ዜሮው በስንት ፓች ኮርድ እንደተወሰደም እዚያው ጨምሩበት።